ቀጪ ሌላ፣ ጠባቂ ሌላ

ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ሰማይ ስር ሲገናኙ ማን ማንን ይዘርፋል፣ ማንስ ማንን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። በምልልስ መልክ ላየው የፈለግሁትም ለዚህ ነው። ቦታው ዘመሮ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ነው እንበል። አንደኛው ተናጋሪ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁለተኛዋ የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተል የእህታቸው ልጅ ናት። የሚነጋገሩበት ጨዋታ ኢቭ ኦንላይን ይባላል፤ ሬይኪያቪክ የተቀመጠው ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የጠፈር ጨዋታ ነው። ለብቻው ከተከለለው የቻይና ሰማይ በቀር የዓለም ተጫዋች ሁሉ የሚገናኘው ከ7,000 በላይ የፀሐይ ሥርዓቶች ባሉት በአንድ ሰማይ ውስጥ ነው። መርከቡን ተጫዋች ይሠራዋል፣ ተጫዋች ይሸጠዋል፣ ተጫዋች ያፈርሰዋል። የፈረሰ መርከብ አይነሣም፤ ሌላ መግዛት ነው።

አጎት፦ እስኪ ከሥሩ ጀምሪልኝ፣ ልጄ። ሰማዩ ሕግ አልባ ነው እንዳልል ዘበኛ አለው፤ ኮንኮርድ ነው ያልሽኝ። ሰላማዊ ሰው ላይ የተኮሰ ሁሉ መርከቡ ይወድማል፤ ከዚህ ዘበኛ የሚሸሽበት ብልሃት ያገኘ እንኳ በኩባንያው ይቀጣል። ጉቦ አይበላ፣ አይተኛ፣ ዘመድ አይለይ። እኛ ዘንድ ቢሆን ስለት የሚገባለት ዘበኛ ነበር። ታዲያ ሰዉ ስለ ደኅንነቱ ይህን ያህል የሚጨነቀው ምን ጎድሎት ነው?

የእህት ልጅ፦ ጠባቂ ነዋ የጎደለው፣ ጋሼ። ኮንኮርድ ቀጪ ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም። እያንዳንዱ የሰማይ ክፍል ከ1.0 ጀምሮ እስከ 0.0፣ ከዚያም በታች የሚወርድ የጥበቃ ቁጥር አለው። ኮንኮርድ የሚመጣው 0.5 እና ከዚያ በላይ በሆነው ክፍል ብቻ ነው። ከ0.4 እስከ 0.1 ባለው በበሮችና በጣቢያዎች ዙሪያ የተተከሉ መድፎች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በሚመጣበትም ቦታ ቢሆን የሚደርሰው ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ በ1.0 ከ6 ሴኮንድ ያህል በኋላ፣ በ0.5 ግን 20 ሴኮንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል በሴኮንድ 500 ጉዳት የምታደርስ ርካሽ መርከብ አለች እንበል፤ ካታሊስት የምትባለዋ ለዚህ ሥራ የታወቀች ናት። 10 ሰዎች ተማክረው ቢመጡ በ6 ሴኮንድ 30,000፣ በ20 ሴኮንድ 100,000 ጉዳት ያደርሳሉ። ከዚያ ኮንኮርድ ደርሶ 10ሩንም ያወድማቸዋል፤ እነሱም ይህን ሲነሡ ያውቁታል፤ በወጪ ይዘውታል። ከፈረሰው መርከብ እያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ የተረፈውን ዳር ቆሞ የነበረ ባልንጀራቸው ይለቅመዋል። እንግዲህ ከጭነትዎ ግማሹ ከ10ሩ ርካሽ መርከቦች ዋጋ ከበለጠ ዘበኛው ቢመጣም ባይመጣም ለነሱ ንግዱ አትርፏል ማለት ነው። ከጂታ ገበያ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችው ኡዌዳማ ስሟ የከፋው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ቁጥሯ 0.5 ነው፣ የጫነ ሁሉ ደግሞ ያልፍባታል።

አጎት፦ ታዲያ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቅጣቱን ማክበድ። ሽፍታ የሚበዛው ቅጣት ሲቀል መሆኑን ለማወቅ ታሪክ ማስተማር አያስፈልግም።

የእህት ልጅ፦ ተሞክሯል። በፊት ኮንኮርድ ያወደመው የዘራፊ መርከብ ሳይቀር የኢንሹራንስ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ ሌባ አጥር ሲዘል የተቀደደበትን ሱሪ የተሰረቀው ሰው እንዲሰፋለት እንደማስገደድ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይህን ክፍያ አስቀረ። ዝርፊያው ቆመ? አልቆመም፤ ወጪው ስለጨመረ ዘራፊው ይበልጥ መራጭ ሆነ። ቀድሞ ደስ ያለውን የሚያፈርስ ሁሉ ጭነት መፈተሽና ማስላት ጀመረ። በዓመቱ በ2012 ደግሞ ኩባንያው ማዕድን የሚቆፍሩትን መርከቦች ሰውነት አጠነከረና ምርጫውን ለባለቤቱ ተወለት፤ ብዙ የሚጭነውን ይይዛል ወይስ ብዙ የሚችለውን? ከሁለቱ ለውጦች ይበልጥ የሠራው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የዘራፊውን ወጪ ለሁሉም እኩል ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛው እያንዳንዱ ሰው የራሱን የመዘረፍ ዋጋ እንዲወስን አስቻለው። የከበደ ቅጣት ዋጋውን ያስወድዳል፤ አሥር እጥፍ የጫነ ሰው ሲያልፍ ግን ያ ዋጋ ተመልሶ ርካሽ ይሆናል።

አጎት፦ እንግዲያስ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። በዚህ አገር መንገድ የተጠበቀው በዘበኛ ብርታት አልነበረም። ሰው ተዘርፎ ወይም ተገድሎ አጥፊው ሲጠፋ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ተጠርቶ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ አፈርሳታ የሚባለው። ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ እየማለ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ እርሻም ሆነ ገበያ የለም። አልወጣም እንደሆነ ካሳው በአገሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማታ ያልታወቀ ሰው በመንደሩ ሲያልፍ ያየ ገበሬ ዝም ብሎ አይተኛም፤ የነገው ካሳ በራሱም ላይ አለና። የመንዝን የጓሳ ሣርም ተመልከች። ያ ሣር ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው በመንግሥት ዘበኛ አይደለም፤ ባለድርሻዎቹ በመረጡት አለቃ ስር ለዓመታት ከልክለው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው፣ ያለጊዜው የገባውን ራሳቸው እየቀጡ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጥቶ ባለድርሻነቱ ሲፈርስ ጥበቃው አብሮ ላላ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና እስኪያቆመው ድረስ ሣሩ ክፉኛ ተጎዳ። ያንቺ ሰማይ የጎደለው ጎረቤት ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም።

የእህት ልጅ፦ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። ኡዌዳማ ላይ አንድ ጭነት ሲፈርስ በአጠገቡ መቶ መርከብ ያልፋል፤ ከመቶው አንዱም ምንም አይጎድልበትም። ዘራፊው ቀድሞ ጭነቱን ሲፈትሽ ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ለማን ብሎ ይናገራል? ሕግ አለ የሚባለው ሰማይ ሰውን ከጎረቤቱ ነጥሎ ለዘበኛ የሰጠ ሰማይ ነው። አሁን ዘበኛ ወደሌለበት፣ 0.0 ወደሚሉት ጠረፍ ይምጡ። እዚያ ግዛቱን የያዙት የተጫዋቾች ማኅበራት ናቸው። በያንዳንዱ የፀሐይ ሥርዓት ሎካል የሚሉት ዝርዝር አለ፤ የገባው ሰው ሁሉ ስሙ እዚያ ወዲያው ይታያል፤ ወዳጅ በሰማያዊ፣ ጠላት በቀይ ምልክት ሊለይ ይችላል። አንድ የማይታወቅ ስም መግቢያው በር ላይ ብቅ ሲል ያየው ሰው ለማኅበሩ ይናገራል፤ ሦስት በር ወዲያ ማዕድን የሚቆፍር ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ጣቢያ ይገባል፤ ጠላቱ ሲደርስ ባዶ ሰማይ ያገኛል። ተናጋሪውን የሚያናግረው ደግነቱ አይደለም፤ ነገ እሱም ይቆፍራል፣ ማኅበሩ ከተዳከመ ግዛቱ ይወሰዳል፣ ግዛቱ ከተወሰደ የእሱም ሀብት አብሮ ይሄዳል። አብሮ የሚከስር ሰው ነው የሚጠብቀው። ለዚህ ነው በማኅበር ያለ ሰው ሕግ በሌለበት ጠረፍ፣ ብቻውን የጫነ ሰው ሕግ ባለበት አውራ ጎዳና ካለው ይልቅ ተዝናንቶ የሚያመሸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተውን፣ ዝርዝር የማይታይበትን ሰማይ ያየ ሰው ደግሞ የዓይንን ዋጋ ያውቃል፤ እዚያ ማን እንዳለ የሚነግርዎ የለም፤ አካባቢዎን የሚፈትሹበትን መሣሪያ በየሴኮንዱ እየነኩ መኖር ነው።

አጎት፦ ቆዪ፣ አፈርሳታን ያነሣሁት እኔ ብሆንም ግፉን አልረሳሁም። ንጹሕ ገበሬ ቀናት ከእርሻው ታግዶ ይቀመጥ ነበር፤ ቂም ያለው በጠላቱ ላይ ይመሰክር ነበር፤ ያልበላውን ዕዳ የከፈለ ብዙ ነው። አብሮ ከሳሪነት ጥሩ ጠባቂ ነው ካልሽ አብሮ መክሰስንና አብሮ መዋጋትንም ተቀበዪ። ከዘራፊ ለመዳን ማኅበር የገባ ሰው ለማኅበሩ ጦርነት ዘማች ሆነ ማለት ነው።

የእህት ልጅ፦ ይሆናል፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ቢአርፋይቭ በምትባል ስፍራ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ማኅበር የግዛቱ ክፍያ ሳይከፈልለት ስለቀረ ጠላቶቹ ደረሱበት፤ ወገን ወገኑን ጠራ፤ ከ7,500 በላይ ተጫዋች የተሳተፈበት ውጊያ ሆነና አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ታይታን የሚሏቸው ግዙፍ መርከቦች 75 ያህል ፈረሱ፤ የጠፋው ሀብት በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን 300,000 ዶላር ይደርሳል ተባለ። ዘማቹ አብዛኛው ስለዚያ ክፍያ የሚያውቀው አልነበረም። ነገር ግን የአፈርሳታው ገበሬ መውጫ አልነበረውም፤ ርስቱ እዚያው ነው። እዚህ ማኅበሩ የበዛበት ሰው ትቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ማኅበሩ አባሉን እስኪያስመርር ድረስ ሊጭነው አይችልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ አብሮ ከሳሪ የመሰለ፣ ግን የማይከስር ሰው።

አጎት፦ የውስጥ ጠላት።

የእህት ልጅ፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጋይዲንግ ሃንድ ሶሻል ክለብ የተባለ ቡድን አባሎቹን አንድ ዓመት ገደማ በአንድ ማኅበር ውስጥ አስርጎ ካሳደረ በኋላ፣ በአንድ ምልክት የማኅበሩን መሪ መርከብ አፈረሰ፣ ግምጃ ቤቱንም ባዶ አደረገ። ጉዳቱ ከ16,000 ዶላር በላይ ተገምቷል። በ2009 ደግሞ ባንድ ኦቭ ብራዘርስ የሚባለውን ያን ጊዜ የሚፈራ ኅብረት ያፈረሰው የጠላት መርከብ አልነበረም፤ ሥልጣን የነበረው አንድ የገዛ አባሉ ወደ ጠላት ዞሮ ኅብረቱን በነጠላ ትእዛዝ በተነው። ዓመታት የተዋጉለት ግዛት ያለ ጥይት ተከፈተ። ኮንኮርድ ለሁለቱም አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም፤ በቁልፍ የተከፈተ በር አልተሰበረምና። ኩባንያውም በጨዋታው ውስጥ የሚደረገውን ማታለል አይከለክልም። የሚከለክለው የሰው መለያ መስረቅን፣ የጨዋታውን ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥን፣ ሰውን ከጨዋታው ውጭ እየተከታተሉ ማዋረድን ነው፤ በ2014 አንድ እንዲህ ያለ ነገር ገንፍሎ መስመሩን ይበልጥ እንዲያሰምር አስገድዶታል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰው ግን በየትኛውም ሰማይ ሌባ ነው፤ ለዚህ የቴሌብርን ምስጢር ቁጥር የሚጠብቅ ሰው የተለየ ትምህርት አያስፈልገውም።

አጎት፦ እንግዲህ ክርክርሽ ራሱን በላ። ዘበኛ አይጠብቅም አልሽ፤ ጎረቤት ይጠብቃል አልሽ፤ አሁን ደግሞ ጎረቤት ይሸጣል እያልሽኝ ነው።

የእህት ልጅ፦ አልበላም፣ ጋሼ። የ2005ቱንም የ2009ኙንም ጉዳት ያመጣው መተማመን አይደለም፤ አንድ ሰው ከሚከስረው በላይ የሚከፍት ቁልፍ መያዙ ነው። ያ ሰው ኅብረቱን ሲበትን እሱ ምን አጣ? ሄዶ በአሸናፊው ወገን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ ማኅበራት ግምጃ ቤቱን ይከፋፍሉታል፤ አዲስ ገቢ የሚደርስበት ሳጥን ትንሽ ነው፤ ከፍ ያለ ሥልጣን የጥቂቶች ነው። ሁሉን መጠርጠር አያዋጣም፤ ሁሉን የጠረጠረ በር ላይ የታየውን ጠላት የሚነግረው ሰው አያገኝም። ለያንዳንዱ ሰው የሚከፈተውን ያህል የሚያጣው ነገር እንዲኖረው ማድረግ ግን ይቻላል። እርስዎ ያሉት ቀሮም ያው ነው፤ ሣሩን የሚያጭደው የሚጠብቀው ሰው ራሱ ነበር።

አጎት፦ እሺ፣ ይህን ትቼ ወደ እኛው ችግር ልመለስ። እዚህ መብራት የሚጠፋው ሳይታሰብ ነው፤ ኢንተርኔቱም እንዲሁ። የማኅበር ዓይን ቢኖርም ያንቺ ዓይን በድንገት ሲጨልም መርከቡ ምን ይሆናል?

የእህት ልጅ፦ ለዚህ ጨዋታው ራሱ መልስ አበጅቷል። መስመር የተቋረጠበት ሰው ካልተዋጋና ካልተያዘ መርከቡ በራሷ ወደ ማይታወቅ ስፍራ ትፈተለካለች፤ ደቂቃ ያህል ቆይታ ከሰማዩ ትሰወራለች። በሌላ ተጫዋች ላይ የተኮሰ ከሆነ ግን 15 ደቂቃ እዚያው ሰማይ ላይ ትቆያለች፤ ሽንፈትን ገመድ በመንቀል ማምለጥ እንዳይቻል የተደረገ ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ ዘመሮ ባለ ቦታ ለሚጫወት ሰው ግን ከብዶ ይወድቃል። ስለዚህ መብራቱ በሚቆራረጥበት ቀን ጭነት ይዞ መውጣት ይቻላል፣ ጠብ መጀመር ግን አይገባም። ዋናው ኮምፒውተር ለንደን ስለሆነ የኛ ትእዛዝ ከአውሮፓው ተጫዋች ዘግይቶ ይደርሳል፤ በሴኮንድ ክፋይ በሚወሰን ሩጫ ላይ መተማመንም ለኛ አይሆንም። ቀድሞ ማወቅ እንጂ ፈጥኖ ማምለጥ የኛ መንገድ አይደለም።

አጎት፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን ብቻውን ቢጫወትስ? ሌላ ሰው የማይገባበት የጠፈር ጨዋታ የለም?

የእህት ልጅ፦ አለ። ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለው ተጫዋቹ ሲገባ ያስመርጠዋል፤ ከሁሉ ጋር፣ ከመረጣቸው ጋር ብቻ፣ ወይም ለብቻው። ብቻውን የመረጠ ሰው ሌላ ሰው አይዘርፈውም፤ ይህን የመረጠ ፈሪ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ኢቭ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ገበያው በሙሉ የቆመው በመንገዱ አስጊነት ላይ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር እንደነበር እርስዎ ነዎት ለትውልድ ያስተማሩት፤ ጭማሪው የበቅሎው ድካም ብቻ አልነበረም፣ የበረሃው ፍርሃትም ነበረበት። ሲራራ ነጋዴ በነጋድራሱ ስር ቅፍለት ሆኖ የሚጓዘው ያን ፍርሃት ለመካፈል ነው። ፍርሃቱን ጨርሶ ያጠፋ ሰማይ ነጋዴውንም ያጠፋል፤ ጂታ ላይ ያለው ዋጋና ጠረፍ ላይ ያለው ዋጋ አንድ ይሆንና የሚያጓጉዝ አይኖርም።

አጎት፦ ማኅበርም የሌለው፣ ቅፍለትም ያላገኘ ጀማሪስ? ለሱ የነገርሽው ነገር የለም።

የእህት ልጅ፦ ጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ይዞታ ላይ ነው፤ የሚዘረፍ የለውማ። መጀመሪያ የጥንቃቄ ምልክቱን አረንጓዴ ላይ ይተው፤ በስህተት ሕግ ጥሶ ራሱን ለተኳሽ ክፍት እንዳያደርግ ጨዋታው ያስቆመዋል። የማያውቀው ሰው አንድ ለአንድ እንግጠም ቢለው እንቢ ይበል፤ ጂታ ላይ ገንዘብህን እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ የሚለውንም እንዲሁ። ዋጋ ያለው ነገር ሲጭን አውቶፓይለት ላይ ትቶ አይተኛ፤ አውቶፓይለቱ ከበሩ ርቆ ያወርደዋል፣ ቀሪውን ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ሲሄድ ፈትሾ፣ አስልቶ፣ ጓደኛ ጠርቶ ለመምታት ይበቃል። ጭነቱን ሦስት ቦታ ቢከፍል ያ የ10 መርከብ ስሌት ለሦስቱም አይሠራም።

አጎት፦ ሦስት ጊዜ መመላለስስ? ጊዜ ያለው ሁሉ ወጣት ነው ብለሽ ነው?

የእህት ልጅ፦ ጊዜ የሌለው ለሌላ ያስጭናል። ሬድ ፍሮግ እንደሚባለው ያሉ የተጫዋቾች የጭነት ማኅበራት አሉ። ውሉ ላይ ላኪው መያዣ ይጽፋል፤ ተሸካሚው ያን ያህል ገንዘብ አስይዞ ዕቃውን ይረከባል፤ ቢዘረፍ መያዣው ለላኪው ይገባል። ማኅበር ሳይገቡ አብሮ ከሳሪ መግዛት ይሉታል ይህ ነው። ማኅበራቱም ከተወሰነ መያዣ በላይ አይቀበሉም፤ ከዚያ ካለፈ ራሳቸው የዘራፊ ዒላማ እንደሚሆኑ ያውቃሉ።

አጎት፦ መያዣውን የሚተምነው ላኪው ከሆነ፣ ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ ዝቅ አድርጎ የጻፈስ እንደሆነ?

የእህት ልጅ፦ ያን ጊዜ ዘራፊ አያስፈልግም። ተሸካሚው መያዣውን ትቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ኮንኮርድም አይመጣም።